ነጻ መድኃኒት ስንት ያስወጣል?

«መድኃኒቱ በነጻ ነው የሚሰጠው አይደል እንዴ? ታዲያ ምኑ ነው ያደኸያችሁ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ክፉ አይደለም። የተማረ፣ ለወገኑ የሚያዝን፣ በቆጋ መስኖ ከገበሬው ጋር ዓመታት የሠራ ሰው ነው። መርዓዊ ላይ ቡና ይዘን ስለ አክስቴ ልጅ እየነገርኩት ነበር። ልጁ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወረደ፤ ደኅና ተመለሰ፤ ከወራት በኋላ ትኩሳት ያዘው። ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ካላዛር ነው ተብሎ ጎንደር ታክሞ ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ለመዳኑ ከቤቱ አንድ በሬ ተሸጦ ጥማዱ ፈርሷል። አባቱ ዘንድሮ ያረሰው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው። ወዳጄን ያልገባው ይህ ነው። የካላዛር ሕመምተኛ ለመርፌው እንደማይከፍል ያውቃል፤ ያወቀውም ልክ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ አላወጣውም ነበር። በየስብሰባው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቡናው ዙሪያ የምሰማው ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። እምብዛም የማይታይ በሽታ የያዘውን ሰው በይበልጥ የሚያደኸየው በሽታው ስም እስኪወጣለት ድረስ የሚንከራተትበት ጊዜ ነው። ነጻው መድኃኒት የሚመጣው የቤተሰቡ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ነው። «ሕክምናው ነጻ ነው» የሚለው አባባል በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ እውነት ነው፤ በሕመምተኛው ጓዳ ግን ግማሽ እውነት ነው። በዚህ ላይ ሌላ በደል ይጨመርበታል። በሽታው ያልታወቀለት ሰው ደጋግሞ ጤና ጣቢያ ስለሚሄድ «መድን አለኝ ብሎ ተመላለሰ» እየተባለ ይወቀሳል። አንድ ሰው በአንድ ትኩሳት ለአራተኛ ጊዜ በር ሲያንኳኳ መመርመር ያለበት ሦስት ጊዜ የተሰጠው መልስ ነው እንጂ አንኳኪው አይደለም።

ብርቅ የሚሆነው ለማን ነው?

በአማርኛችን ለእንዲህ ያለው በሽታ የተዘጋጀ ስም የለንም። «ብርቅዬ» የምንለው ዋልያን ነው፤ ቃሉ የሚወደድ ነገር ያስታውሰናል። በሌላው ዓለም መለኪያው ቁጥር ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡትና በኋላ ባሻሻሉት ሕግ በአገራቸው ከ200 ሺህ ያነሰ ሰው የሚይዘውን በሽታ ለብቻው አይተው፣ ለዚያ መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ ማበረታቻ እንዲያገኝ አደረጉ። አውሮፓውያን ደግሞ ከ10 ሺህ ሰዎች ከ5 የማይበልጡትን የሚይዘውን እንዲህ ብለው ይመድቡታል። ለእኛ ግን ሌላ መለኪያ የሚበጅ ይመስለኛል። ጥያቄው በአገሪቱ ስንት ሰው ታሟል የሚል ሳይሆን፣ ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያገኘው የጤና ባለሙያ ይህን በሽታ በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ አይቶታል የሚል ይሁን። በዚህ መለኪያ ካላዛር መተማና ሑመራ ላይ የታወቀ በሽታ ነው፤ እዚያ ያለ ነርስ የሕመምተኛውን ሆድ አይቶ ይጠረጥራል። ያው ሰው ያንኑ በሽታ ይዞ ወደ ወረዳችን ሜጫ ሲደርስ ግን በሽታው ብርቅ ይሆናል። ሕመሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

ካላዛር የሚመጣው ሌይሽማኒያ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ጥገኛ ተሐዋስ ነው። ተሐዋሱን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከትንኝ ታንሳለች፤ እንደ ትንኝ ጆሮ ላይ አትጮኽም፤ የምትነክሰው ባብዛኛው በምሽትና በሌሊት ነው። በቆላው ዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥና ግራር በበዛበት ትኖራለች። የቀን ሠራተኛው የሚያድረው ደግሞ እዚያው ማሳ ዳር፣ ከላዩ ሰማይ፣ ከሥሩ ጆንያ አድርጎ ነው። ከተነከሰ በኋላ በሽታው የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ደም ያንሳል፤ አንዳንዱን ያነስረዋል። ካልታከመ ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነውን ይገድላል።

እነዚያን ወራት ቁጠሯቸው። በመስከረም ሰሊጥ ሲያጭድ የተነከሰ ልጅ የሚታመመው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ቤቱ ነው። የቆላውን ሥራ ጨርሶ፣ ገንዘቡን ይዞ፣ ልብስ ገዝቶ ተመልሷል። በቆጋ ይህ የመስኖ ወቅት ነው። ከግድቡ የወጣው ውሃ በቦዩ የሚወርድበት፣ ስንዴው፣ ድንቹና ሽንኩርቱ የሚጠጣበት፣ የውሃ ተራ ያመለጠው ሰው ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ቆሞ የሚያይበት ጊዜ። ሕመሙና ቆላው በጊዜም በቦታም ስለተራራቁ ልጁ ራሱም አያገናኛቸውም። «እዚያ ሳለሁ እኮ ደኅና ነበርኩ» ይላል።

የዚህ አለማገናኘት ዋጋ ምን እንደሆነ ጣና ዳር ያለን ሰዎች ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። ሊቦ ከምከም ሩቅ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንሄድ ወረታን አልፈን አዲስ ዘመን ስንደርስ መሬቱ ላይ ነን። ካላዛር በዚያ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። በሽታው ግን የመጣው በዚያ ወር አልነበረም። ከዚያ በፊት ሰው ሲታመምና ሲሞት ቆይቷል፤ ሕመሙ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ታይቶ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጥተው ማከም ከጀመሩ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የተያዘው መዝገብ ሲጠና፣ ግማሾቹ ሕሙማን 18 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ፤ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ወንዶች። ታክመውም ከመቶ አራቱ ሞተዋል። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ አምስት እጥፍ ለሞት የቀረቡ ነበሩ። ወረርሽኙም ወደ ጎረቤቱ ፎገራ ወረዳ ተሻግሮ ነበር። ልብ በሉ፤ የካላዛር መርፌ በዓለም ላይ ከተገኘ ያኔ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። የዘገየው መድኃኒቱ ሳይሆን ስሙ ነው።

ፌስታሉ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች

አክስቴ የልጇን የሕክምና ወረቀቶች በአንድ ሰማያዊ ፌስታል አድርጋ ምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች። አንድ እሑድ አውርጄ በቀናቸው ደረደርኳቸው። መጀመሪያ የወባ ምርመራ፣ «ኔጌቲቭ»፤ እንደዚያም ሆኖ የወባ ክኒን ታዞለታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአንድ የግል ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ የሚል ወረቀት፣ ከጀርባው የሰባት ቀን መርፌ። ይህን ጥንድ ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ትኩሳት ሁሉ መጨረሻው እሱ ነው። ቀጥሎ ሌላ ክሊኒክ፣ ያው ጥንድ ስም፣ ሌላ መርፌ። የአክታ ምርመራ። ግሉኮስ። አልትራሳውንድ፣ «ጣፊያ አብጧል» የሚል። የደም ማነስ ክኒን። በመካከሉ ወረቀት የሌላቸው ሁለት ሳምንታት አሉ፤ ጠበል የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ጠበል መሄዱን አልነቅፍም፤ ሐኪም ቤት መልስ ያጣ ሰው ወደ አምላኩ ቢሄድ የሚያስወቅስ ነገር የለውም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አሥራ አንድ ወረቀት አገላብጬ «ክረምቱን የት ነበርክ?» የሚል ጥያቄ የተጠየቀበት አንድም አላገኘሁም። ጥያቄው የተጠየቀው ሪፈር ተጽፎለት ከሄደ በኋላ፣ በመጨረሻው በር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ።

የመጨረሻው ወረቀት የጎንደሩ ነው። እዚያ ላይ ነው ነጻው ሕክምና ያለው። ለአሥራ ሰባት ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ። ለዚያ አልተከፈለም። ግን ልጁ ብቻውን አልሄደም። እናቱ አስታማሚ ሆና ሄደች። የትራንስፖርቱ፣ የእሷ ምግብና ማደሪያ፣ ሾርባውና ወተቱ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የጠበቀችው ሴት፣ የአባትየውን የውሃ ተራ የሸፈነው የቀን ሠራተኛ፣ ይህ ሁሉ በየትኛውም የሆስፒታል ደረሰኝ ላይ አይታይም። በሬው የተሸጠው ግን ጎንደር አይደለም። የተሸጠው ከዚያ በፊት፣ በሁለተኛው ክሊኒክና በአልትራሳውንዱ መካከል ነው። ወዳጄ ሊያየው ያልቻለው ይህን ነው።

አንድ ቤት አይቶ አገር መፍረድ አይገባም ይባል ይሆናል። እንግዲያው ከመተማ ድንበሩን ተሻግረን ገዳሪፍ እንሂድ። እዚያ ሱዳን ውስጥ ያው በሽታ በዚያው በሰሊጥና በማሽላ ምድር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የአንድ ካላዛር ሕመም ጠቅላላ ወጪ ወደ 450 የአሜሪካ ዶላር እንደሚደርስ አሰላ። መድኃኒቱ በመንግሥት ሆስፒታል በነጻ እየተሰጠ ሳለ ከዚህ ወጪ 53 በመቶውን የተሸከመው ቤተሰቡ ነው። አንዱ ሕመም የቤቱን የዓመት ገቢ 40 በመቶ ያህል ይወስዳል። ከአራት ቤተሰብ ከሦስት በላይ የሚሆኑት ኑሯቸውን ያናጋ ወጪ ከኪሳቸው አውጥተዋል። የአክስቴ በሬ እንግዲህ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ቢገባ አያስገርምም።

«የጤና መድን አለ አይደል?» የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። አለ፤ ደግም አድርጓል። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአሥራ ሦስት ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል ከተመረጡት መካከል ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ፤ ሁለቱም የእኛው ጎረቤቶች ናቸው። ገበሬው በዓመት አንዴ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ታክሞ መመለስን የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን መድኑ የተበጀው በቤቱ ተቀምጦ ለሚታመም ሰው ነው። የቤተሰቡ መዋጮ የሚሸፍነው ወላጆችንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው፤ ለአቅመ አዳም የደረሰው ልጅ ተጨማሪ ካልተከፈለለት ደብተሩ ላይ የለም። ቆላ የሚወርደው ደግሞ ማነው? እሱ ነው። ደብተሩ የሚሠራው ወረዳው ውል በገባባቸው የመንግሥት ተቋማት ነው፤ የሜጫ ደብተር የያዘ ልጅ መተማ ላይ ቢያተኩሰው እንደ እንግዳ ከኪሱ ይከፍላል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ ከግል ይገዛል። መኪናን፣ አስታማሚን፣ የጠፋ የሥራ ቀንን መድኑ አያውቃቸውም። ስለዚህ «ተመላለሰ» የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሰው በገዛ ገንዘቡ ነው።

የሚቀርቡብኝ መከራከሪያዎች

አንደኛው መከራከሪያ ከጤና ባለሙያዎች ይመጣል፤ ክብደት የምሰጠውም ለእሱ ነው። «በየጤና ጣቢያው የካላዛር መመርመሪያ ይቀመጥ ብትል እኮ አባከንክ» ይሉኛል። «በዓመት አንድ ሰው ለማይመጣበት በሽታ ያስቀመጥነው ጊዜው አልፎበት ይጣላል። ፈጣኑ የደም ምርመራ ድሮ ታሞ የዳነውንም ፖዘቲቭ ይለዋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ እንደ ሕንድ አጥርቶ አያሳይም። ያልታመመውን ታሟል ብለን ከባድ መርፌ ብንጀምርለት ማን ይጠየቃል?» እውነት አላቸው። በሽታው እምብዛም በማይታይበት ቦታ ሁሉን ሰው መመርመር ስሕተትን ያበዛል። ስለዚህ ምርመራው በየጤና ጣቢያው ይከማች አልልም። የምጠይቀው ከዚያ በጣም የቀለለ ነገር ነው፤ ወጪ የሌለው አንድ ጥያቄ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ የወባ ምርመራው ምንም ያላሳየ ወይም የወባ መድኃኒት ያላሻለው ሰው ሲመጣ «ባለፈው ዓመት ቆላ ወርደህ ነበር?» ይባል። አዎ ካለ በእጅ ጣፊያው ይዳሰስ። ጣፊያው ካበጠ ሌላ መርፌ አይታዘዝ፤ በቀጥታ መርምሮ ማከም ወደሚችለው ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት እጅና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምርመራው እንዳይሳሳት የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ተጠርጣሪዎቹ አስቀድመው ሲለዩ የምርመራው መልስ የሚታመን ይሆናል።

ሁለተኛው «ለጥቂት ሰው ነው» የሚለው ነው። እናቶች በወሊድ እየሞቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በአገሪቱ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው ወባ ይዞት፣ በዓመት ከጥቂት ሺህ ለማይበልጥ የካላዛር ሕመምተኛ ለምን እንጨነቅ? ለዚህ ያለኝ መልስ ከርኅራኄ አይነሣም፤ ከሒሳብ ነው። ለእነዚህ ጥቂት ሰዎች ዛሬም ቢሆን እያወጣን ነው። ያልነበረበት ታይፎይድ፣ ያልነበረበት ወባ፣ ያላስፈለገ ግሉኮስ፣ ሁሉም ዋጋ አለው። ከፊሉን መድኑ፣ ከፊሉን ገበሬው ከፍሎታል። የባከነው ገንዘብ በትክክለኛው ቦታ ቢውል ሌላ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ወባ በበዛ ቁጥር ደግሞ ካላዛር ይበልጥ ይደበቃል፤ ሁሉም ትኩሳት ወባ ይመስላልና። ሊቦ ከምከም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሰባት ሚሊዮኑ ለጥቂቱ ላለመጠንቀቅ ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ይበልጥ የምንጠነቀቅበት ምክንያት እንጂ።

«ማን ቆላ ውረድ አለው?» የሚሉም አሉ። ለዚህ መልስ መስጠት አይገባኝም ነበር፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት እመልሳለሁ። ቆጋ በታቀደው መሠረት 7 ሺህ ሔክታር ያህል የሚያጠጣ ግድብ ነው፤ ብዙ ቤት አስተካክሏል። ግን መሬቱ ያው የአባቶች መሬት ነው። አምስት ልጆች ባሉበት ቤት አምስቱም በግማሽ ሔክታር አያድሩም። ሰሊጥ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው እየተባለ በየዓመቱ ይነገረናል። ሰሊጡን የሚያጭደው ማን ነው?

ማን ይክፈል?

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ፍርድ ወጪውን ቤተሰቡ ብቻውን መሸከሙ ትክክል አይደለም የሚል ነው። ግን «መድኑ ሁሉን ይክፈል» አልልም። የጤና መድኑ ከገበሬው መዋጮ የሚኖር ነው፤ የእያንዳንዱን አስታማሚ ምግብና መኪና ቢያሸክሙት ይወድቃል፤ የወደቀ መድን ደግሞ ለማንም አይተርፍም። ወጪው ወደ ምንጩ መመለስ አለበት። በሰሊጥ እርሻ ላይ ሲያድር በካላዛር የተያዘ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የታመመ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ ለሚመጣ በሽታ አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል፤ በሥራው አካባቢ የተለመደ በሽታን ግን ከዚህ ያወጣል። ፋብሪካ ውስጥ ጣቱ የተቆረጠ ሰው ካሳ ሲጠይቅ አይገርመንም። ሰሊጥ ማሳ ላይ በተነከሰው ልጅስ ለምን ይገርመናል? ሌላው ከባድ ነገር ማስረጃው ነው። ውል በጽሑፍ የለም፤ ሠራተኛው የሚቀጠረው በአፍ፣ የሚከፈለው በእጅ፣ የሚታመመው አሠሪው ከሚገኝበት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ በየሠራተኛው እየተከራከሩ ካሳ መጠየቅ አይሆንም። እርሻዎቹ በወቅቱ ከሚቀጥሩት ሠራተኛ ልክ መዋጮ አውጥተው ለወቅታዊ ሠራተኛ የሚያገለግል፣ ከወረዳ ወረዳ አብሮ የሚጓዝ መድን ይግቡ። መዋጮው ለታመመውና ለአንድ አስታማሚ የመጓጓዣና የምግብ ይሸፍን። ለሠራተኛ አጎበርና ከመሬት ከፍ ያለ ማደሪያ የማይሰጥ እርሻ ደግሞ ከፍ ያለ ይክፈል።

ሐኪሞቹ በበኩላቸው ድርሻቸውን እየሠሩ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ድሮ ካላዛር የሚታከመው በ30 ቀን መርፌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት መርፌዎችን በማጣመር 17 ቀን እንዲሆን መከረ። ከዚያ ወዲህ ጎንደርና የቆላዋ አብዱራፊ ከተካፈሉበት ጥናት የተገኘው ውጤት ደግሞ የሚዋጥ ሚልቴፎሲንንና አንድ መርፌ በማጣመር በ14 ቀን ማዳን እንደሚቻል አሳይቷል፤ ከመቶ ከ90 በላይ ድነዋል። ከኤችአይቪ ጋር ተደርቦ ለያዛቸው፣ እነዚህም በእኛ ሰሜን ምዕራብ ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ በደም ሥር የሚሰጠውን አምቢዞምና ሚልቴፎሲንን ማጣመር እንደሚሻል የታየው በሕንድና በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ነው። እነዚህን ዜናዎች የምናነባቸው እንደ ሳይንስ ወሬ ነው። እኔ የማነባቸው በአክስቴ ዓይን ነው። ከ30 ወደ 14 ሲወርድ አሥራ ስድስት ቀን የአስታማሚ ምግብ፣ አሥራ ስድስት ሌሊት ከቤት መቅረት፣ አንድ ወይም ሁለት የውሃ ተራ ተርፏል። በዚህ አካባቢ ለድሃ ሰው የሕክምና ዋጋ ቅነሳ ማለት የቀን ቅነሳ ነው።

አምቢዞም የሚመጣው ጊልያድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ከሚሰጠው ልገሳ ነው። ልገሳውን አመሰግናለሁ፤ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ግን ሰጪ እጁን የሰበሰበ ዕለት ምን እንደሚሆን በሌላ በኩል አይተነዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የውጭ እርዳታዋን ስትቆርጥ ለእነዚህ ትኩረት ለሚሹ የሐሩር በሽታዎች የነበረው ፕሮግራሟ ተዘጋ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን መንገድ ሲዘጋም ያለ ዋጋ የሚሰጠው መድኃኒት ጎንደር ተቀምጦ ሕመምተኛው መርዓዊ ላይ ቀርቷል።

ይህ የካላዛር ብቻ ታሪክ አይደለም፤ ከተወለደ ጀምሮ ደሙ የማይረጋለት ልጅም ያውቀዋል። ሄሞፊሊያ ኤ የሚባለውን ይዞ ከ5 ሺህ ወንድ ልጆች አንዱ ይወለዳል፤ ደሙን የሚያረጋው ፋክተር ወደ አገራችን የሚገባው ባብዛኛው ከዓለም አቀፉ የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በሚገኝ ልገሳ ነው። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የያዛቸውም ግሊቬክ የተባለውን ክኒን በልገሳ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲወስዱ ኖረዋል። ክኒኑ ነጻ ነው። ከቆጋ ጥቁር አንበሳ ግን ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየጊዜው ደርሶ መልስ፣ ለዕድሜ ልክ። የእነዚህ ሰዎች ቁጥር ጥቂት ስለሆነ በየክልሉ ዋና ሆስፒታል መድኃኒቱን ማድረስ ከባድ አይደለም። በባሕር ዳር ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ አሉ። መድኃኒቱ ወደ ሕመምተኛው ቢመጣ የሚያስወጣው የአንድ መኪና ጭነት ነው፤ ሕመምተኛው ወደ መድኃኒቱ ሲሄድ የሚያስወጣው በሬ ነው።

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና የመድኑ ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። የመድን መዝገባቸውን ይክፈቱና በአንድ ትኩሳት ከሦስት ጊዜ በላይ የመጡትን ሰዎች ለይተው ያውጡ። ለወቀሳ አይደለም፤ ለፍለጋ ነው። ከእነሱ ውስጥ ስንቶቹ ቆላ ወርደው እንደነበር ይጠይቁ።

አንተ ግን፣ አንባቢዬ፣ እስከዚያ አትጠብቅ። ቤትህ፣ ጎረቤትህ፣ ቀበሌህ ውስጥ ከመተማ፣ ከሑመራ ወይም ከአብዱራፊ የተመለሰ ልጅ ካለና ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሐኪሙ ሳይጠይቀው እሱ ራሱ አስቀድሞ ይናገር። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ካርድ ሳያወጣ፣ «ቆላ ነበርኩ» ይበል።